አደራ በገንዳው አፋፍ

የማታውቁት ሰው ፍራሽ ቤታችሁ ውስጥ ለዓመታት ቆሞባችሁ ያውቃል? ባለቤቱን መንገድ ላይ ብታገኙት አትለዩትም። ፍራሹን ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ታውቁታላችሁ፤ የቱ ጋ እንደጎበጠ፣ የቱ ጋ ሻይ እንደፈሰሰበት፣ መብራት ማብሪያው ጋ ለመድረስ በየት በኩል መገፋት እንዳለበት። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ የማያውቅ ከሆነ ሁለት ነገር መገመት እችላለሁ። ወይ የምትኖሩት አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ወይ ደግሞ ፍራሹ የእናንተ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ማስረዳት ሥራዬ ነው። ሐበሻ በበዛባት የአሜሪካ ከተማ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአራተኛ ክፍል ልጆች አስተምራለሁ፤ ልጆቹ ደግሞ "ለምን?" ሳይሉ እርሳስ እንኳን አያነሱም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በቅደም ተከተል መናገር ለምዶብኛል። ዘመዶቼ አፌን ስከፍት "ክላስ ተጀመረ" ይላሉ።

በዚህ በእኛ አካባቢ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ያለውና የሌለው። የሌለው ስካይላይን ከሚባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ አሥራ ምናምነኛ ፎቅ ላይ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ይከራያል። ቤት ሲቀይር፣ ሲያገባ፣ ሲፋታ፣ ሌላ ስቴት ሥራ ሲያገኝ ዕቃ ይተርፈዋል። ለዕቃ ማስቀመጫ በየወሩ መክፈል ያንገበግበዋል፤ መጣሉ ደግሞ ሆዱን ያባባዋል። ስለዚህ ቤዝመንት ያለው ሰው ያፈላልጋል።

አክስቴ ቤዝመንት አላት።

አክስቴ ቤቷን የገዛችው ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ፣ የበቆሎ ማሳ የሚጀምርበት ካውንቲ፣ በእኛ አገር ወረዳ እንደሚባለው፣ ውስጥ ነው። እዚያ ድረስ የሄደችው ለደይኬር ስትል ነው። ለዓመታት የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ጉልበቷ አልቆ፣ ኮርሱን ወስዳ፣ ፈተናውን አልፋ፣ ቤቷ ውስጥ ሕፃናት መያዝ ጀመረች። አሁን ስድስት ልጆች አሏት። ቤዝመንቱ ሰፊ ነው፤ የፊተኛው ክፍል የልጆቹ መጫወቻ ሲሆን፣ ከኋላው ያለው መተላለፊያ ደግሞ በራሱ በር ወደ ጓሮ ይወጣል። ያ መተላለፊያ ነው እንግዲህ የሕዝብ ንብረት የሆነው።

አጀማመሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሰው ይደውላል። ብዙውን ጊዜ የምታውቀው ሰው የሚያውቀው ሰው ነው። "እትዬ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው" ይላል። እዚህ ላይ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ሁለት ሳምንት ማለት አሥራ አራት ቀን አይደለም። ሁለት ሳምንት ማለት ዕቃው መኪና ላይ ተጭኖ በርሽ ላይ ደርሷል ማለት ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ረጅሙ ሁለት ሳምንት ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል፤ እሱም አልተጠናቀቀም።

አክስቴ ደግሞ በአደራ አትጫወትም። እያንዳንዱን ዕቃ በንጹሕ አንሶላ ትሸፍናለች፤ የባለቤቱን ስም ጽፋ ትለጥፍበታለች፤ በየወሩ አቧራውን ትጠርጋለች። አንድ ክረምት ቤዝመንቱ ረጥቦ ሳለ "የሰው ሻንጣ ይሻግትብኛል" ብላ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ገዝታለች። ባለሻንጣዎቹ ለበዓል እንኳን አይደውሉላትም። ለምን ይደውላሉ? ከደወሉ "ዕቃህን መቼ ነው የምትወስደው?" ትላቸዋለቻ።

ባለፈው ፀደይ የደይኬሩ ላይሰንስ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰና ኢንስፔክተር መጣች። ወጥ ቤቱን አየች፤ የእሳት ማጥፊያውን አየች፤ የልጆቹን ፍራሽ ቆጠረች፤ ሁሉንም ወደደችው። ከዚያ የመተላለፊያውን በር ከፈተች።

"እሳት ቢነሳ ልጆቹ በየት ነው የሚወጡት?" አለች።

"በዚህ" አለች አክስቴ፣ መንገዱን ዘግቶ የቆመውን የአደራ ፍራሽ እያሳየች።

ኢንስፔክተሯ ጥቂት ጻፈች። ሰኞ ጠዋት ተመልሳ እንደምትመጣ፣ መተላለፊያው እስከ ኋላው በር ድረስ ባዶ ሆኖ ካላገኘችው ላይሰንሱ እንደማይታደስ ነገረቻት። አክስቴ ያለዚያ ላይሰንስ ስድስቱን ልጆች መያዝ አትችልም፤ ያለ ስድስቱ ልጆች ደግሞ ቤቱን መያዝ አትችልም። ቤዝመንቱ ከነሰው አደራው ይሄዳል ማለት ነው። ይህ የሆነው ረቡዕ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ቀለም ያላቸው ተለጣፊ ወረቀቶች ይዤ ደረስኩ።

አሁን ስለ ካውንቲው ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። እዚያ የቆሻሻ መኪና ቤት ለቤት አይዞርም። እያንዳንዱ ነዋሪ ቆሻሻውን በራሱ መኪና ጭኖ ወደ ካውንቲው መጣያ ጣቢያ ይወስዳል። ነዋሪ መሆኑ የሚታወቀው መስታወቱ ላይ በሚለጠፍ ስቲከር ነው። ጣቢያው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እሑድ ጭራሽ አይከፈትም። ስለዚህ ቅዳሜ እስከ አሥር ሰዓት ያልተጣለ ፍራሽ ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተሯን ቆሞ ይቀበላታል።

"ቀይ የተለጠፈበት ይጣላል" አልኳት አክስቴን። "አረንጓዴ ይቀራል። ቢጫ ባለቤቱ ይጠየቃል።"

"ለማን ነው የምታስረጂው? ለፍራሹ?"

"ላንቺ ነው እቴቴ። ሥርዓት ከሌለን አንጨርስም።"

ቀዩን ለጥፌ ለጥፌ ውኃ ልጠጣ ወደ ላይ ወጣሁ። ስመለስ ቀዩ በሙሉ ቢጫ ሆኗል።

"ቀዮቹን ማን ቀየራቸው?"

"እኔ እንጃ። ራሳቸው ይሆናሉ።"

"እቴቴ!"

"የሰው አደራ ነዋ! ሳይጠየቅ እንዴት ይጣላል? ነገ መጥቶ ዕቃዬን ቢለኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጥቶ አላለሽም።"

"ነገ ቢለኝስ?"

ከዚህ ጥያቄ ጋር መከራከር እንደማይቻል የአራተኛ ክፍል ልጆቼም ያውቃሉ። ስለዚህ ስምምነት ላይ ደረስን፤ ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ይደወልላቸዋል።

በዚህ መሐል ጋሼ መጡ። ከጋሼ ጋር ዝምድናችን የሩቅ ነው፤ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን አንድ ትልቅ ፒክአፕ አላቸው። ፒክአፕ ያለው ሐበሻ ጡረታ የለውም፤ ቤት የሚቀይር ሁሉ ይጠራዋል። ጋሼ መተላለፊያው በር ላይ ቆመው ክምሩን በትዝታ ዓይን ተመለከቱት።

"ይሄን ፍራሽ አውቀዋለሁ" አሉ። "እኔ ነኝ ያመጣሁት። ያኔም አስነጥሶኝ ነበር።"

"እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው።

"ሶፋውንም እኔ ነኝ። ከነሻንጣዎቹ። 'እትዬ ጋ ቦታ ሞልቷል' ብዬ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ።" ትንሽ አሰቡና ቀጠሉ፤ "ይሄን ለሷ አትንገሪያት።"

አክስቴ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

ስልኩ ተጀመረ። ፍራሹና የመሮጫ ማሽኑ፣ ትሬድሚሉ ማለቴ ነው፣ ኮሎራዶ የሄደ አንድ ወንደላጤ ንብረት ናቸው። አያነሳም። አክስቴ መልእክት ተወችለት፤ "የኔ ልጅ፣ ደህና ነህ ወይ? ሥራ እንዴት ነው? እናትህስ? ፍራሽህን ልጥለው ነውና ከፈለግኸው ንገረኝ። ካልፈለግኸውም ንገረኝ። ብርድ እንዳይመታህ ተጠንቀቅ።" ሁለተኛዋ ባለሁለት ሻንጣዋ ናት። እሷ ወዲያው አነሳች፤ "ሻንጣዎቹን ይጣሏቸው እትዬ፤ ግን ውስጣቸው ምን እንዳለ ቀድመው ይዩልኝ" አለች። ከፈትናቸው። የመጀመሪያው ውስጥ አነስ ያለ ሻንጣ አለ። እሱ ውስጥ ሌላ አነስ ያለ ሻንጣ አለ። ያኛው ውስጥ የአንዱ እግር ካልሲ። ይህን ነገርናት። "ካልሲው ምን ዓይነት ነው?" አለች።

ሶፋው የከፋ ነገር ነበረበት። የባልና ሚስት ነው፤ ባልና ሚስቱ ደግሞ ተፋትተዋል። ከሶፋው ጋር ቁመቱ ደረቴ የሚደርስ፣ ወርቃማ ፍሬም ያለው የሠርጋቸው ፎቶ አብሮ አለ። መጀመሪያ ባልየው ጋ ደወልን፤ አሁን ኮሌጅ ፓርክ የሚባል ከተማ ነው የሚኖረው።

"ይጣሉት እትዬ" አለ። "ያንን ሶፋ ሳስበው ራሱ ወገቤን ያመኛል። ፎቶውን ለሷ ይስጧት።"

ቀጥሎ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው ሴትየዋ ጋ።

"እሱ ምን አለ?" ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ።

"ሶፋው ይጣል አለ።"

"እንግዲያው እንዳይጥሉት!"

"ትወስጂዋለሽ?"

"ኧረ እኔ ምን ላደርገው! ቤቴ አይገባም እኮ። ግን እሱ አስጣለው አይባልም። ፎቶውን ለሱ ይስጡት።"

አክስቴ ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን አየች። ሰዓቱ ስምንት አልፏል። ለአራት ሰው ደውለን ያለ ክርክር የተፈቀደልን ሻንጣዎቹ ብቻ ናቸው፤ ካልሲው ገና አልተወሰነበትም።

ያኔ ውሳኔ ሰጠሁ። ቢጫ የተለጠፈበት ሁሉ ይጫናል፤ የሚደውል ካለ እዚያው ሆነን እናነጋግረዋለን። ጋሼና እኔ ስንጭን አክስቴ አንሶላዎቹን አጥፋ አስቀመጠች። አክስቴ በትንሿ መኪናዋ ከፊት፣ እኔና ጋሼ በፒክአፑ ከኋላ ሆነን ተነሣን። ስቲከሩ ያለው የአክስቴ መኪና ላይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

መጣያ ጣቢያው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጠጠር መንገድ፣ በሁለት ማሳ መካከል ነው። መግቢያው ላይ ትንሽ ጎጆ አለች፤ ከጎጆዋ ቀጥሎ ሰንሰለት። ከሰንሰለቱ ወዲያ መኪና የሚቆምበት ከፍ ያለ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ጠርዝ በታች ትልልቅ የብረት ገንዳዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ገንዳ ላይ ምን እንደሚገባበት ተጽፏል፤ ብረት፣ ካርቶን፣ የእንጨት ዕቃ፣ ፍራሽ፣ የቤት ቆሻሻ። እውነቱን ለመናገር ስደርስ ደስ አለኝ። በሕይወቴ ያየሁት ከሁሉ የተደራጀ ቦታ ነው፤ የእኔ ክፍል እንኳን እንዲህ አይደለም።

ከፊታችን የነበረው ሰውዬ ኮፍያ ያደረገ ገበሬ ቢጤ ነው። ከመኪናው ወረደ፤ አንድ ደህና ወንበር አነሣ፤ ወረወረው። እጁን አራገፈና ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ስለ ዝናብ ማውራት ቀጠለ። አልደወለም። ማንንም አላስፈቀደም። ወንበሩ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደተቀመጠበት፣ ነገ ማን "ወንበሬስ?" እንደሚለው የሚያስብም አይመስልም።

"አየሻቸው?" አሉ ጋሼ። "የአንድ ሰው ዕቃ የአንድ ሰው ነው። እኛ አገር አንድ ወንበር ለመጣል ኮሚቴ ያስፈልጋል።"

ተራችን ደረሰ። ከጎጆዋ የወጣው ሠራተኛ ሽበታም፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የአክስቴን ስቲከር አየና አሳለፋት። ወደኛ መጣ። ታርጋችንን አየ። ጭነታችንን አየ።

"ስቲከሩ እዚያኛው መኪና ላይ ነው" አለ። "ዕቃው እዚህኛው ላይ ነው። ይሄኛው ደግሞ የቨርጂኒያ ታርጋ ነው።"

"ልክ ነው" አልኩት። "ላስረዳዎት።"

ጋሼ መሪውን ጨብጠው በአማርኛ፣ "በማርያም ይዤሻለሁ፣ አታስረጂ" አሉ።

አስረዳሁ። ከፒክአፑ ወርጄ፣ በጣቶቼ እየቆጠርኩ፣ አደራ ምን ማለት እንደሆነ ገለጽኩለት። ዕቃው የአክስቴ እንዳልሆነ፣ ባለቤቶቹ ኮሎራዶ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ አሌክሳንድሪያ እንደሚኖሩ፣ እሷ ግን በክብር ስትጠብቅላቸው እንደኖረች፣ አንሶላውን፣ እርጥበት መጣጩን ማሽን፣ ሁሉን ነገርኩት። ምሳሌም ሰጠሁት። ሰውየው እያዳመጠ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ትምህርቴ እየገባው ነው ብዬ በጣም ተደሰትኩ።

"ስለዚህ ዕቃው የሷ አይደለም" አለ ስጨርስ።

"በፍጹም!"

"ባለቤቶቹም የዚህ ካውንቲ ነዋሪዎች አይደሉም።"

"አንዳቸውም!" አልኩ፣ ተማሪ በትክክል ሲመልስልኝ በምለው ድምፅ።

"እንግዲያው ሴትየዋ የሰው ዕቃ ታከማቻለች ማለት ነው፤ ይሄ ንግድ ነው። የንግድ ቆሻሻ እዚህ አይጣልም። ዋናው ጣቢያ ሄዶ ሚዛን ላይ ይወጣል።" ጎጆው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየት አደረገ። "ሰኞ ጠዋት ይከፈታል።"

ሰኞ ጠዋት። ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

አክስቴ ከመኪናዋ ወርዳ እያነከሰች መጣች።

"ምን አልሽው?"

"እውነቱን።"

"የቱን?"

"ዕቃው የእኛ እንዳልሆነ... አደራ ምን ማለት እንደሆነ..."

"ይሄን ሰውዬ ቆመሽ አደራ አስተማርሽው?"

"ባጭሩ ነው እቴቴ።"

"ባጭሩ አይደለም" አሉ ጋሼ በመስኮት።

አክስቴ ሠራተኛውን ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንቡን የሚያከብር ሰው ነው፤ እኔ በሌላ ቀን ባገኘው እወደው ነበር።

"ጥያቄዬ አንድ ነው" አላት። "ይሄ ፍራሽ የእርስዎ ነው?"

ይህ ጥያቄ ለአክስቴ ምን ማለት እንደሆነ እሱ ሊያውቅ አይችልም። ይቺ ሴት ከአንድ የአደራ ካፖርት ኪስ ሃያ አምስት ሳንቲም አግኝታ በፖስታ የላከች ሴት ናት። የሰውን ዕቃ "የኔ ነው" ማለት በሷ መዝገበ ቃላት ሌብነት ይባላል። ከኋላችን ሦስት ፒክአፕ ተሰልፏል። ማንም ጥሩምባ አልነፋም፤ የመጀመሪያው ሰውዬ ሞተሩን አጠፋ፤ እሱ ደግሞ ከጥሩምባው የባሰ ነው።

አክስቴ ወደኔ ዞረች።

"ኢንስፔክተሯ ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?"

"ሦስት ሰዓት ላይ።"

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ ጣለችው።

"የኔ ነው" አለችው በእንግሊዝኛ።

"ይቺ ልጅ ግን አይደለም አለችኝ።"

"እሷ አስተማሪ ናት። ታወራለች።"

ሰውየው ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም፤ ግን ደንብ ደንብ ነው። ወደ ፒክአፑ ጀርባ ሄደና አንድ በአንድ ይጠይቃት ጀመር።

"ትሬድሚሉስ?"

"የኔ ነው።"

ጉልበቷን አየ። "ይሮጡበታል?"

"ስለማልሮጥበት ነዋ የምጥለው።"

"ሶፋው?"

"የኔ።"

"ሻንጣው ሁሉ?"

"የኔ። ካልሲውም የኔ ነው።"

እያንዳንዱን "የኔ" ስትል ድምፅዋ ከፍ፣ ወገቧ ቀና ይላል። መጀመሪያ ላይ እየዋሸች ነበር፤ ይህን አልክድም። ሶፋው ላይ ስትደርስ ግን እየዋሸች አልመሰለኝም። ዘጠኝ ዓመት አቧራውን የጠረገች ሴት ናት።

ከዚያ ሰውየው የሠርጉን ፎቶ አወጣ። ፍሬሙን ይዞ ራቅ አደረገና ሙሽራዋን አየ፤ አክስቴን አየ፤ መልሶ ሙሽራዋን አየ። ሙሽራዋ ረጅም፣ ጠይም፣ አንገተ ቀጭን ናት። አክስቴ አጭር፣ ቀይ፣ ወፍራም ናት።

"ይቺም እርስዎ ነዎት?"

አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አፌን ዘጋሁ።

"ያኔ ቀጭን ነበርኩ" አለች አክስቴ።

"ባልየውስ?"

"እሱንም እየጣልኩት ነው።"

ከኋላ ሞተሩን ያጠፋው ሰውዬ በሣቅ ፈነዳ። ሠራተኛውም አልቻለም፤ በክንዱ አፉን ሸፍኖ ወደ ሰንሰለቱ ሄደ። "ፍራሽ በቀኝ፣ ብረት በግራ" አለ ሲከፍትልን። "አሥር ሰዓት ላይ እዘጋለሁ።"

እንዴት እንደወረወርን ባትጠይቁኝ ይሻላል። ሞተሩን ያጠፋው ሰውዬና ጓደኛው ትሬድሚሉን አነሡልን፤ ጋሼ ወገባቸውን ይዘው ትእዛዝ ሰጡ። ከዚህም አልፈው ከብረት ገንዳው ውስጥ አንድ የሣር ማጨጃ አዩና "ይሄ እኮ ይሠራል! እትዬ ጋ ቢቀመጥ..." ማለት ሲጀምሩ የአክስቴን ፊት አይተው ዓረፍተ ነገሩን ዋጡት። ሶፋው ሲገለበጥ እግሩ ተሰበረ፤ ባልየው ወገቡን ያመመው ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም። ፍራሹን አክስቴና እኔ ነን የያዝነው። ጠርዙ ላይ አቆምነው። ትንሽ አመነታች።

"ሳይጠየቅ..." አለች።

"እቴቴ፣ አሥር ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው።"

ገፋችው።

ገና ሳያርፍ ስልኳ ጮኸ። ኮሎራዶ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው።

"እትዬ! መልእክትዎን አሁን ሰማሁት። ኧረ እንዳይጥሉት! ልመጣ እኮ ነው።"

"መቼ የኔ ልጅ?"

"በሁለት ሳምንት።"

ጋሼ ወደ ገንዳው አዘንብለው ቁልቁል አዩ። "ወርዶ ያምጣው በይው" አሉ። እኔ ወደ ሠራተኛው ሮጬ ሄድኩ፤ አንድ ዕቃ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። የጠየቅኩት ለመረጃ ያህል ነው። ገንዳ ውስጥ የገባ የካውንቲው ንብረት እንደሆነ፣ ማንም እንደማያወጣ ነገረኝ። ሳያስረዳ ነው የነገረኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር።

ስመለስ አክስቴ አሁንም ስልኩን ይዛለች። ፊቷ ላይ ከዚያ በፊት አይቼ የማላውቀው ጸጥታ አለ።

"የኔ ልጅ፣ እኔ ዛሬ የጣልኩት የራሴን ፍራሽ ነው" አለችው። "የካውንቲው ሰው ጠይቆኝ፣ የኔ ነው ብዬ፣ ቃሌን ሰጥቼ ነው የጣልኩት። የአንተን ካገኘሁት እደውልልሃለሁ። ብርድ እንዳይመታህ።"

ዘጋችው።

ስንመለስ እሷ መኪና ውስጥ ነው የገባሁት። ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ጠየቅኳት፤ ውሸት አይደለም ወይ? አደራ መብላትስ አይሆንም ወይ? ጥያቄዬን በሦስት ከፍዬ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ አስቆመችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ያንን ፍራሽ ማን ነው ያየው ዘጠኝ ዓመት? ማን ነው የገፋው፣ ያነሣው፣ ያለበሰው? የኔ ካልሆነ የማን ነው?"

"የኔ ነው ካልሽ ታዲያ ለምን እስከዛሬ አልጣልሽውም?"

"ያንቺ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ።"

ሰኞ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ኢንስፔክተሯ የመተላለፊያውን በር ከፈተች። ባዶ ነው። እስከ ኋላው በር ተራመደች፤ በሩን ከፍታ ጓሮ ወጣች፤ ሣሩ ላይ ትንሽ ቆማ ተመለሰች፤ ፈረመች። አክስቴ ያኔውኑ ስድስቱን ልጆች አሰልፋ በመተላለፊያው አስወጥታ አሳየቻት። ልጆቹ እሳት የለም ሲባሉ ቅር አላቸው አሉ።

ለባለዕቃዎቹ ደግሞ ወሬው በሦስት ቀን ውስጥ ደረሰ። ዘጠኝ ዓመት ቁጥሯ የጠፋባቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አገኙት። ሶፋው ቤቴ አይገባም ያለችው ሴትዮ "ትዝታዬን ነው የጣሉት" አለች። ወንደላጤው ኮሎራዶ ላለ ጓደኛው፣ ጓደኛው ለአሌክሳንድሪያ፣ አሌክሳንድሪያ ለሲልቨር ስፕሪንግ ነገረ። አንድ ክርስትና ላይ አንዲት ወይዘሮ አክስቴን ከእግሯ እስከ ራሷ አይተው፣ "የሰው አደራ ትጥላለች የሚሏት አንቺ ነሽ?" አሏት። አክስቴ ምግቧን አልተወችም። "አዎ፤ የሚጣል አለዎት?" አለቻቸው። ወይዘሮዋ ወደ ምግባቸው ዞሩ። እሳቸውም እዚያ ቤዝመንት ውስጥ፣ ከመተላለፊያው ውጭ፣ ጥግ ላይ አንድ ካርቶን ነበራቸው። የተጣለ መሰላቸው። አልተጣለም፤ አረንጓዴ ነበር። አክስቴ ግን አልነገረቻቸውም፤ እኔም ልነግራቸው ስነሣ እግሬን ረገጠችኝ።

ይህን የጻፍኩት አክስቴን ለማመስገን አይደለም፤ እሷ ምስጋና አትፈልግም፤ ባዶ መተላለፊያ አላት። የጻፍኩት ለእናንተ ነው። አዎ፣ ለእናንተ፤ በሰው ቤዝመንት ውስጥ ትዝታ ብላችሁ ለምታስቀምጡት። ያቺ ሴትዮ ቤቷ ውስጥ ምን በር እንደዘጋችሁባት አታውቁም። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስልካችሁን አንሡና ደውሉላት። መጀመሪያ ደህና መሆኗን ጠይቁ፤ ከዚያ የፊታችን ቅዳሜ መኪና ይዛችሁ እንደምትመጡ ንገሯት። እውነትም ሂዱ። ዕቃችሁን በራሳችሁ እጅ ተሸክማችሁ አውጡ፤ ከባድነቱን ወገባችሁ ይወቀው። ገንዳው አፋፍ ላይ አቁሙት። የማን ነው ተብላችሁ ስትጠየቁ የኔ ነው በሉና ግፉት። እስቲ አንድ ጊዜ ሞክሩት።